ማጨጃው ተነስቶ አልሄድ ሲል፦ በሚነዳ የሣር ማጨጃ ቺንጋና ካምቢዮ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሞተሩ ይነሳል፣ ቢላው ይሽከረከራል፣ ማጨጃው ግን ከቆመበት ፈቀቅ አይልም። ወይም ሜዳው ላይ ደህና ሄዶ ዳገቱ ጋ ሲደርስ ይለግማል። እንዲህ ሲሆን አብዛኛው ሰው ወዲያው «ካምቢዮው ሞቷል» ብሎ ይፈርዳል። አሜሪካ ውስጥ አዲስ ካምቢዮ ብዙ መቶ ዶላር ያወጣል፤ ማጨጃው አሮጌ ከሆነ ከራሱ ዋጋ ሊበልጥም ይችላል። ስለዚህ ፍርዱ ከመሰጠቱ በፊት በጥቂት ዶላር የሚያልቁት ነገሮች በቅደም ተከተል መታየት አለባቸው። መልሶቹ የተጻፉት በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድ፣ በጆርጂያ ወይም በሚኒሶታ ሰፋ ያለ ግቢ ይዘው እንደ ጆን ዲር፣ ክራፍትስማን፣ ሃስክቫርና፣ ኩብ ካዴትና ትሮይ-ቢልት ያሉ ማጨጃዎችን ለሚነዱ፣ በተለይም ያገለገለ ለገዙ ሰዎች ነው።

ከመንካቴ በፊት ምን ላድርግ?

ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ ያቁሙት። ሞተሩን ያጥፉ፣ የማስነሻ ቁልፉን ነቅለው ኪስዎ ይክተቱ፣ የካንዴላውን ገመድ ይንቀሉ። የፊት ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በጣውላ ወይም በድንጋይ ያስደግፉ። ኋላውን በክሪክ ካነሱ በኋላ ክብደቱን በብረት መደገፊያ ላይ ያሳርፉ፤ በክሪክ ብቻ በቆመ ማሽን ስር እጅ አይገባም። ካምቢዮው ሲሠራ ስለሚግል ከማጨድ እንደተመለሱ አይንኩት።

ሌላው ዝግጅት የሞዴል ቁጥሩን መጻፍ ነው። አብዛኛውን ጊዜ መቀመጫው ሲነሳ ከስሩ፣ ወይም ከኋላ መከላከያው ላይ በተለጠፈ ወረቀት ላይ ይገኛል። ያለዚህ ቁጥር ትክክለኛ ቺንጋ ማዘዝ አይቻልም። መልካቸው አንድ የሆኑ፣ በአንድ ዓመት ልዩነት የተመረቱ ሁለት ማጨጃዎች የተለያየ ርዝመት ያለው ቺንጋ ሊፈልጉ ይችላሉ።

የኔ ማጨጃ ምን ዓይነት ካምቢዮ እንዳለው በምን አውቃለሁ?

አነዳዱ ይነግርዎታል። በእግር ፔዳል፣ ወይም ጎማው ክዳን ላይ ባለች አንዲት ማንሻ ፍጥነቱ ያለ ደረጃ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ሃይድሮስታቲክ ነው፤ ጎማዎቹን የሚያዞረው በዘይት ግፊት ነው። ማንሻው 1፣ 2፣ 3 እያለ በየደረጃው የሚገባ ከሆነና ማርሽ ለመቀየር ፔዳል ረግጠው የሚቆሙ ከሆነ የእጅ ማርሽ ነው። ሦስተኛው ዓይነት በኤምቲዲ ፋብሪካ ማሽኖች፣ ለምሳሌ በብዙ ትሮይ-ቢልቶች ላይ ያለው ነው፤ ቁጥር ያለበት ማንሻ ቢኖረውም እየሄዱ መቀየር ይቻላል። እሱ በሁለት ቺንጋና ፍጥነቱን በሚለውጥ፣ ቫሪዬተር በሚባል አንድ ፑሊ ይሠራል።

ሃይድሮስታቲክ ከሆነ ካምቢዮው ራሱ ላይ የተለጠፈውን ስምም ያንብቡ። በአብዛኛው የቴነሲው ታፍ ቶርክ ወይም የኢሊኖይሱ ሃይድሮ-ጊር ምርት ሆኖ ያገኙታል። የዘይቱ ዓይነትና አየር የማስወጣቱ ሥርዓት የሚወሰነው በዚህ ስም እንጂ በማጨጃው ቀለም አይደለም።

ሞተሩ ይሠራል፣ ማጨጃው ግን ጨርሶ አይንቀሳቀስም። ከየት ልጀምር?

ገንዘብ ከማያስወጣው። ሃይድሮስታቲክ ማጨጃ ሁሉ ሞተሩ ጠፍቶ በእጅ እንዲገፋ የሚያስችል ባይፓስ የሚባል ማንሻ አለው፤ ብዙ ጊዜ ከኋላ በኩል የወጣ ቀጭን ዘንግ ነው። አንድ ሰው ማሽኑን ጋራዥ ውስጥ ለመግፋት ስቦት ሳይመልሰው ከቀረ ዘይቱ በውስጥ ይዞራል እንጂ ጎማውን አያዞርም። ያገለገለ ማጨጃ በፒክ አፕ ጭነው ካመጡና እቤት ሲደርሱ አልሄድ ካለዎት መጀመሪያ ይህን ይዩ፤ ሲጫን ተስቦ እንደተረሳ መጠርጠር ነው። ወደየት ሲገፋ «መንጃ» እንደሚሆን በየሞዴሉ ይለያያል፤ አጠገቡ ያለው ሥዕል ያሳያል። ዘንጉ ተመልሶም ካምቢዮው ላይ ያለው ክንድ ዝጎ ሳይመለስ ሊቀር ስለሚችል ጎንበስ ብለው ክንዱ ራሱ መንቀሳቀሱን ይመልከቱ።

ቀጥሎ የእጅ ፍሬኑ። በብዙ ሞዴሎች የፍሬን ፔዳሉ ሲረገጥ ቺንጋውን የሚወጥረው ፑሊ ይላላል፤ ፍሬኑ በግማሽ ተይዞ ከቀረ ቺንጋው ልል ሆኖ ይቀመጣል ማለት ነው። ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ወደ ላይ መመለሱን በእጅዎ ጎትተው ያረጋግጡ።

ከዚያ በባትሪ መብራት ከስር ይግቡና ቺንጋውን ይፈልጉ። በአብዛኞቹ ማጨጃዎች ሞተሩ ስር ሁለት ፑሊ ተደራርቧል፤ የላይኛው ለመንጃ፣ የታችኛው ለቢላው ነው። ስለዚህ ቢላው መዞሩ የመንጃ ቺንጋው ደህና መሆኑን አያሳይም። ቺንጋው ተበጥሶ ወድቆ፣ ወይም ከፑሊው ወጥቶ መከላከያ ዘንጉ ላይ ተሰቅሎ ሊያገኙት ይችላሉ። በቦታው ካለ መወጠሪያ ፑሊውን የሚስበው ሞላ አለመውለቁን ይዩ። ሞላው የሚሰቀልበት ቀዳዳ ተበልቶ ሲሰፋ ሞላው እየወለቀ ያስቸግራል፤ ሞላ ደግሞ በጥቂት ዶላር ይገኛል።

ቺንጋውም ሞላውም ደህና ከሆኑ ከፔዳሉ እስከ ካምቢዮው ያለውን ዘንግ ይከተሉ። ሌላ ሰው ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ፔዳሉን ሲረግጥ ካምቢዮው ጎን ላይ ያለው ክንድ አብሮ መሄድ አለበት። የማያያዣው ፒን ወድቆ ወይም ብሎኑ ላልቶ ፔዳሉ ብቻውን የሚሄድበት ጊዜ አለ። ክንዱ ከተንቀሳቀሰ ጎማውን ከዘንጉ ጋር ወደምታይዘው ትንሽ ብረት፣ ወደ ኪይ ይሂዱ፤ እሱ ከታች ለብቻው ተብራርቷል። ይህ ሁሉ ታይቶ ችግሩ ካልተገኘ ብቻ ነው ጥርጣሬው ወደ ካምቢዮው ውስጥ የሚገባው።

ቺንጋው እየተንሸራተተ ነው ወይስ ካምቢዮው ደክሟል? እንዴት ልለይ?

ቺንጋ ሲንሸራተት ይጮኻል፣ የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል፣ ፔዳሉ ሲረገጥም ማጨጃው እየዘለለ ይነሳል። ከወጣ በኋላ ጎኖቹን ሲያዩት እንደ መስታወት ያብለጨልጫሉ፣ ወይም ተሰነጣጥቀዋል። የደከመ ሃይድሮስታቲክ ግን እንደ ቺንጋ አይጮኽም፣ ላስቲክም አይሸትም። ዝም ብሎ ይዝላል፤ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ተረግጦ ማሽኑ ቀስ እያለ ይቆማል።

እርግጠኛ መሆን ካስፈለገ ካምቢዮው አናት ላይ ያለውን ፑሊ ይመልከቱ፤ ማቀዝቀዣ ማራገቢያውም እዚያው ነው። ፑሊው ላይ በነጭ ቀለም አንድ መስመር ያስምሩ። ስልክዎን በዝግታ ቪዲዮ ቀረጻ ላይ አድርገው፣ ፑሊውን በሚያሳይ ቦታ፣ ከሚዞሩት ነገሮች ሁሉ አርቀው በስልክ መያዣ አጥብቀው ያስሩትና ቢላውን ሳያስነሱ ዳገቱን ለመውጣት ይሞክሩ። ማጨጃው ሲለግም ፑሊውም ከቀዘቀዘ ችግሩ ከፑሊው በፊት ነው፦ ቺንጋ፣ ሞላ ወይም መወጠሪያ። ፑሊው በሙሉ ፍጥነት እየዞረ ማጨጃው ከቆመ ግን ችግሩ ከፑሊው በኋላ ነው፦ ባይፓስ፣ የዘይት ግፊት ወይም የጎማ ኪይ።

ሌላም ቀላል ፈተና አለ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ባይፓሱ መንጃ ላይ ሆኖ፣ የእጅ ፍሬኑ ተለቆ ማጨጃውን በእጅ ይግፉት። ደህና ሃይድሮስታቲክ ጠንክሮ ይቋቋማል። በቀላሉ የሚንከባለል ከሆነ ባይፓሱ አልዘጋም፣ ኪይ ተቆርጧል ወይም ውስጡ አልቋል።

ቺንጋውን ራሴ መቀየር እችላለሁ?

ይችላሉ። ከባዱ ነገር ጊዜው ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሆን ግማሽ ቀን ይያዙለት። በብዙ ሞዴሎች መጀመሪያ ቢላዎቹን የያዘው ዴክ መውጣት አለበት። ዴኩን ወደ መጨረሻው ዝቅታ አውርደው የቢላውን ቺንጋ ከሞተሩ ፑሊ ያላቅቁ፣ መያዣ ፒኖቹን ነቅለው በጎን ይጎትቱት። ቢላው በኤሌክትሪክ ፍሪሲዮን የሚሠራ ከሆነ ፍሪሲዮኑ ሞተሩ ዘንግ ላይ ከታች ስለሚገኝ ገመዱን ነቅለው መካከለኛውን ብሎን በመፍታት ማውረድ ሊያስፈልግ ይችላል። እሱን ሲመልሱ እንዳይዞር የሚይዘው ብረት በቦታው መግባቱን አይዘንጉ፤ ካልገባ ፍሪሲዮኑ ራሱ ዞሮ ገመዱን ይበጥሰዋል።

አሮጌውን ቺንጋ ከማውጣትዎ በፊት መንገዱን ፎቶ ያንሱ። ቺንጋው ጀርባው በጠፍጣፋ ፑሊ፣ ሹል ጎኑ በቦይ ባለው ፑሊ ላይ ነው የሚያልፈው። ከየፑሊው አጠገብ ያሉት ቀጫጭን መከላከያ ዘንጎች ቺንጋው ሲላላ እንዳይወጣ የተደረጉ ናቸው፤ አዲሱ ከዘንጎቹ ውጭ ካለፈ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይወጣል ወይም ይበላል።

ቺንጋው ሲወጣ መወጠሪያ ፑሊዎቹን በጣትዎ ያሽከርክሩ። ኩሽኔታው ደህና ከሆነ ያለ ድምፅ፣ ከበድ ብሎ ይዞራል። አሸዋ እንዳለበት የሚያንገጫግጭ ወይም ወዲህ ወዲያ የሚነቃነቅ ከሆነ አብሮ ይቀየር፤ በተበላሸ ኩሽኔታ ላይ አዲስ ቺንጋ ማጥለቅ ቺንጋውን ማባከን ነው።

ከመኪና መለዋወጫ መደብር ርዝመቱ የተመሳሰለ ርካሽ ቺንጋ መግዛት አይመከርም። የማጨጃ መንጃ ቺንጋ በላላና በተወጠረ ቁጥር እንደ ፍሪሲዮን ስለሚያገለግል ሽፋኑና ውስጡ ያለው ክር ለዚህ የተሠራ ነው፤ ብዙዎቹ ኬቭላር ዓይነት ክር አላቸው። ርዝመቱንም ከአሮጌው ላይ አይለኩ፣ አሮጌው ተለጥጧልና። በሞዴል ቁጥሩ ይዘዙ።

ሲጀምር ደህና ነው፤ ግማሽ ሰዓት ካጨድኩ በኋላ ግን ዳገት አልወጣ ይላል። ሲቀዘቅዝ ይመለሳል።

በቤት ማጨጃ ሃይድሮስታቲክ ላይ በጣም የሚበዛው አቤቱታ ይህ ነው፤ ለምን እንደሚመጣ መረዳቱም ይጠቅማል። ካምቢዮው ውስጥ በቺንጋው የሚዞር ፓምፕ አለ፤ ትንንሽ ፒስተኖቹ ዘይት እየገፉ እዚያው ውስጥ ያለውን በዘይት የሚሠራ ሞተር ያዞራሉ፣ እሱም ጎማዎቹን። ፔዳሉ የሚያደርገው ፓምፑ ውስጥ ያለውን ሳህን ማዘንበል ነው፤ በብዙ ባዘነበለ ቁጥር ብዙ ዘይት ይገፋል። ይህ ሁሉ የሚሠራው በፒስተኖቹና በቤታቸው መካከል ያለው ክፍተት እጅግ ጠባብ ስለሆነ ነው። ዘይቱ ሲግል ይቀጥናል። ክፍተቱ በዕድሜ ከሰፋ የቀጠነው ዘይት ጎማውን ከመግፋት ይልቅ በክፍተቱ ሾልኮ ይመለሳል። ሲቀዘቅዝ ዘይቱ ይወፍራል፣ ጉልበቱም ይመለሳል።

ካምቢዮው ገና ካላለቀ ግለቱን መቀነስ ብቻውን ብዙ ይረዳል። የጎማውን ክዳን ስር በባትሪ ይመልከቱ። ካምቢዮው ላይ የተጋገረ ደረቅ ሣር፣ አንዳንዴም የአይጥ ጎጆ ይኖራል፤ የብረቱን ክንፎች ሸፍኖ ሙቀቱን ይይዛል። በብሩሽና በታመቀ አየር ያጽዱት። ማራገቢያው ፕላስቲክ ስለሆነ ቅጠሎቹ ይሰበራሉ፤ ሁለት ሦስቱ ከጎደሉ አዲስ ይግጠሙ፣ ዋጋው ቀላል ነው።

የአነዳድ ልማድም አለበት። ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው ጋዙን (የሞተሩን ፍጥነት መቆጣጠሪያ ማንሻ) ግማሽ ላይ አድርገው የሚያጭዱ ብዙ ናቸው። በሃይድሮስታቲክ ማጨጃ ይህ ጉዳት ነው፦ ማራገቢያው በዝግታ ስለሚዞር ካምቢዮው አይበርድም። ጋዙን ሙሉ ላይ ያድርጉ፣ ፍጥነቱን በፔዳሉ ይቆጣጠሩ። ከባድ ተጎታች፣ ማረሻና የመሳሰለውን በቤት ማጨጃ አይጎትቱ። ዳገቱም ልክ አለው፤ የብዙ አምራቾች መመሪያ ከ15 ዲግሪ በላይ አይፈቅድም። ይህ በ10 ጫማ አግድም ርቀት 2.7 ጫማ ያህል መውጣት ነው። ከዚያ በላይ ለካምቢዮው ብቻ ሳይሆን ለነፍስዎም ያሰጋል፤ እነዚህ ማሽኖች ይገለበጣሉ።

ግለቱ ተስተካክሎም ከለገመ የሚቀረው ዘይቱ ነው።

«ዕድሜ ልኩን ዘይት አይቀየርለትም» የሚባለው እውነት ነው?

እንዲህ የሚባልላቸው ብዙዎቹ የመፍሰሻ ቡሎን ስለሌላቸው ነው። በጣም የተስፋፋው ታፍ ቶርክ ኬ46 ለዚህ ምሳሌ ይሆናል፤ በጆን ዲር 100 ተከታታይ ላይ በብዛት ይገኛል። ዘይቱን ለመቀየር ካምቢዮው ከነጎማ ዘንጉ ከማጨጃው ወርዶ፣ በላይኛው ቀዳዳ ተገልብጦ መፍሰስ አለበት። የሚይዘው ከ2 ሊትር ትንሽ አለፍ ይላል። ሲገለበጥ ቀስ ብሎ ስለሚፈስ ለብዙ ሰዓት፣ ቢቻል ሌሊቱን ይተዉት። ከፋብሪካ ሲወጣ 10ደብልዩ-30 የሞተር ዘይት ነው ያለው፤ በሙቅ አካባቢ የሚኖሩና ዳገት የሚበዛባቸው ሰዎች ግን በ5ደብልዩ-50 ሲንቴቲክ ይተኩታል፣ ሲግል እንደ ቀድሞው ስለማይቀጥን። ሃይድሮ-ጊር ደግሞ 20ደብልዩ-50 የሞተር ዘይት ነው የሚያዝዘው። የመኪና አውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት አይጨምሩባቸው።

የወጣው ዘይት ብዙ ይናገራል። ጠቆር ማለቱ የዕድሜ ነው። ግራጫ ሆኖ በጣት ሲታሽ የሚያብረቀርቅ ዱቄት ካለበት ብረቱ እየተበላ ነው፤ አዲሱ ዘይት ለጥቂት ጊዜ ጉልበት ቢመልስም የሚያዛልቅ አይሆንም። ወተት የመሰለ ነጭ ከሆነ ውኃ ገብቶበታል፤ መተንፈሻው ክዳን ተሰንጥቆ ወይም ማሽኑ በግለቱ በውኃ ግፊት ታጥቦ ይሆናል።

ዘይት ከቀየርኩ በኋላ ጭራሽ አልሄድ አለ፤ ይጮኻልም።

አየር ይዟል። ፓምፑ ዘይት መግፋት ትቶ አየር እየጨመቀ ነው። ኋላውን አንስተው ሁለቱም ጎማ ከመሬት እንዲለቅ በመደገፊያ ያስቀምጡ። ባይፓሱን ወደ መግፊያ ቦታው ይክፈቱ። ሞተሩን አስነስተው ጋዙን ዝቅ ያድርጉ፣ ፔዳሉን ቀስ ብለው ሙሉ ወደፊት፣ ከዚያ ሙሉ ወደኋላ 5 ወይም 6 ጊዜ ያመላልሱ፤ በየጫፉ ላይ ለ5 ሰከንድ ያህል ይያዙት። ሞተሩን አጥፍተው ባይፓሱን ወደ መንጃ ይመልሱና ያንኑ ይድገሙ። ጎማዎቹ አሁን መዞር አለባቸው። ዘይቱ ወርዶ ከሆነ ይሙሉ። ከዚያ ማጨጃውን አውርደው ሜዳ ላይ እየነዱ ወደፊትና ወደኋላ ጥቂት ጊዜ ይደጋግሙ።

ጩኸቱ ካልጠፋ ሥርዓቱን አንድ ሁለት ጊዜ ይድገሙ። በካምቢዮው መገጣጠሚያ ወይም በጎማው ዘንግ ጎሚኒ በኩል እርጥበት ካለ ዘይት በወጣበት አየርም ሊገባ ስለሚችል መጀመሪያ መፍሰሱን ማቆም ያስፈልጋል። ካምቢዮ አዲስ ሲገጠምም ይኸው ሥርዓት ግዴታ ነው። አየሩ ሳይወጣ በጭነት የተነዳ አዲስ ካምቢዮ ይጎዳል።

የካምቢዮው ዘንግ ይዞራል፣ ጎማው ግን አይዞርም።

ጎማውን ከዘንጉ ጋር የምታይዘው ኪይ የምትባል ትንሽ ባለአራት ማዕዘን ብረት ተቆርጣለች ወይም ወድቃለች። በዘንጉ ጫፍና በጎማው ቸርኬ ላይ ተያያዥ የሆነ የጠመኔ መስመር ያስምሩና ለመንዳት ይሞክሩ፤ መስመሩ ከተለያየ አገኟት። ዲፈረንሻሉ ጉልበቱን ወደሚቀለው ጎን ስለሚልክ አንዷ ኪይ ብቻ ብትቆረጥም ማጨጃው ጨርሶ አይሄድም። ለዚህ ነው ብዙ ደህና ካምቢዮ በስህተት የሚጣለው።

የፕላስቲኩን ክዳን ያውጡ፣ የጫፉን መያዣ ቀለበት በካቻቢቴ ገፍተው ያላቅቁ፣ ሮንዴላዎቹን በወጡበት ተራ ያስቀምጡ። ጎማው ዝጎ ከያዘ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ነፍተው ያሳድሩት፤ በመዶሻ የዘንጉን ጫፍ አይምቱ፣ ካምቢዮው ውስጥ ያለውን ይሰብራልና። በብዙ ክራፍትስማንና ሃስክቫርና ላይ ዘንጉ የ3/4 ኢንች ነው፤ ኪይዋ 3/16 ኢንች ውፍረት፣ 2 ኢንች ርዝመት አላት። ቢሆንም የራስዎን ለክተው ይግዙ። ቦዩን በሽቦ ብሩሽ ጠርገው፣ ዘንጉን ዝገት የሚከላከል ግራሶ ቀብተው ይመልሱት። የተቆረጠችውን በምስማር ወይም በተቆረጠ ቡሎን መተካት ቦዩን ያሰፋዋል፤ ቦዩ ከሰፋ ደግሞ ዘንጉ ነው የሚቀየረው።

ፔዳሉን ለቅቄም ማጨጃው ቀስ እያለ ይሄዳል።

ዜሮው፣ ማለትም ማሽኑ ወደፊትም ወደኋላም የማይሄድበት ነጥብ፣ ተዛብቷል። ኋላውን አንስተው ያስደግፉ፣ ከፔዳሉ ወደ ካምቢዮው የሚሄደውን ዘንግ ማስተካከያ ዳዶ ያላሉ። ሞተሩ ሲሠራ አንድ ሰው ፔዳሉን ሳይነካ መቀመጫው ላይ ሆኖ፣ ጎማዎቹ የሚቆሙበትን ነጥብ ፈልገው እዚያ ያጥብቁት። ልብስዎንና እጅዎን ከጎማውና ከቺንጋው ያርቁ። ማስተካከያው ካልያዘ የዘንጉ ማያያዣዎች ተበልተው ጨዋታ ፈጥረዋል። ይህ ችግር ለነገ የማይባል ነው፤ ልጆች ባሉበት ግቢ ራሱን የሚነዳ ማሽን ማቆየት አይገባም።

ኋላ ማርሽ ሳስገባ ሞተሩ ይጠፋል። ካምቢዮው ነው?

አይደለም። ቢላው እየዞረ ወደኋላ እንዳይሄድ የተደረገ መከላከያ ነው። መጀመሪያ ቢላውን አጥፍተው ይሞክሩ፤ ካልጠፋ ማሽኑ ጤነኛ ነው። ፍሬኑን ሲለቁ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ የመቀመጫው ስዊች ነው፦ ሶኬቱ ወልቆ ወይም ገመዱ በአይጥ ተበልቶ። ስዊቹን በሽቦ አገናኝቶ ማለፍ የሚመክሩ አሉ፤ አያድርጉት። ከመቀመጫ የወደቀን ሰው ከቢላው የሚያድነው እሱ ነው።

የእጅ ማርሽ ነው፤ ማርሹ ይገባል፣ ግን አይስብም ወይም ይንገጫገጫል።

ፑሊው እየዞረ፣ ማርሹ ገብቶ፣ ኪዮቹ ደህና ሆነው ካልሳበ ውስጥ ያሉት የማርሽ መያዣ ብረቶች ጠርዛቸው ተበልቷል። ምክንያቱ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ አንድ ነው፦ እየሄዱ ማርሽ መቀየር። በብዙ ማጨጃዎች ላይ ያለው፣ ፒርለስ የሚባለው የእጅ ማርሽ ካምቢዮ እንደ መኪና አይደለም፤ ፔዳሉ ተረግጦ ማጨጃው ፈጽሞ ከቆመ በኋላ ነው የሚቀየረው። ብዙዎቹ በውስጣቸው ቤንቶናይት የሚባል ቀጠን ያለ ግራሶ እንጂ የሞተር ዘይት የላቸውም። ቤቱ በቡሎን ስለተገጠመ ትዕግስት ያለው ሰው ከፍቶ ሊጠግነው ይችላል፤ ሲከፍቱ የማርሾቹን ተራ በፎቶ ይያዙ።

ባለ ሁለት ቺንጋው ማሽን ፍጥነት አልጨምር አለ።

የቫሪዬተሩ መካከለኛ ሳህን ወደ ላይና ወደ ታች እየተንሸራተተ ነው ፍጥነቱን የሚለውጠው። በዝገትና በሣር ከተያዘ በአንድ ፍጥነት ይቀራል። በእጅ ይንቀሳቀስ እንደሆነ ይሞክሩ፤ ካልሆነ አውጥተው ያጽዱት ወይም ይቀይሩት። ዘይትና ግራሶ አይቀቡት፣ ቺንጋው ላይ ይረጫል። ሁለቱን ቺንጋ በአንድ ላይ ይቀይሩ፤ አንዱ አዲስ አንዱ የተለጠጠ ከሆነ ፍጥነቱ አይስተካከልም።

ዜሮ ተርን (በሁለት ማንሻ የሚነዳ፣ በቆመበት የሚዞር ማጨጃ) አለኝ፤ ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል።

መጀመሪያ የሁለቱን የኋላ ጎማ አየር በመለኪያ እኩል ያድርጉ። ከዚያ የማንሻዎቹን ማስተካከያ ይጠቀሙ። ለእያንዳንዱ ጎማ የራሱ ሃይድሮስታቲክ ስላለው አንዱ ሲግል ብቻ ወደኋላ የሚቀር ከሆነ የደከመው እሱ ነው። ሁለቱም አንድ ላይ ከደከሙ ግን ሁለቱም በአንድ ጊዜ ተበላሹ ከማለት በጋራ የሚያዞራቸውን ቺንጋ ይመርምሩ።

ከተበላሸበት ቦታ በመኪና ልጎትተው?

አይሆንም። ባይፓሱን ከፍተው በእጅ፣ በእግር እርምጃ ፍጥነት ይግፉት፤ ራቅ ካለ ይጫን። ባይፓሱ ሲከፈት ካምቢዮው ጎማዎቹን መያዝ ስለሚያቆም ተዳፋት ላይ ፈጽሞ አይክፈቱት።

ያገለገለ ማጨጃ ስገዛ ካምቢዮውን እንዴት ልፈትነው?

ለሻጩ ከመድረስዎ በፊት ሞተሩን እንዳያስነሳው ይንገሩት፤ ሲደርሱ ሞተሩን በእጅዎ ነክተው ቀዝቃዛ መሆኑን ያረጋግጡ። የእጅ መግፋቱን ፈተና ያድርጉ። ከዚያ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ በሙሉ ጋዝ ይንዱት፣ ቢቻል እያጨዱ፤ በመጨረሻ ባለው ዳገት ላይ መሀል አቁመው ወደላይ ይነሱ። ወደኋላም ዳገቱን ይሞክሩ። በአምስት ደቂቃ ሜዳ ላይ ዞሮ የሚመለስ ፈተና የደከመ ሃይድሮስታቲክን አያጋልጥም። ሻጩ ጊዜ ከሌለው ወይም «ዳገት የለም» ካለ፣ ዋጋውን ሲነጋገሩ የአዲስ ካምቢዮ ሒሳብ ቀንሰው ያቅርቡ። ሞተሩና ዴኩ ጠንካራ ሆነው ካምቢዮው ብቻ የደከመ ማሽን በዚህ ዋጋ ከተገኘ መግዛቱ ያዋጣል፤ ዴኩም በዝገት የተበሳ ከሆነ ይለፉት።